«ይግባኝ ብንጠይቅ የሟችን እናት ዳግመኛ መግደል አይሆንም?»

ጤና ይስጥልኝ፤

ለንደን ከገባሁ 16 ዓመት ሆነኝ። እናቴንና ታናሽ ወንድሜን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ወንድሜ ሲመጣ የ7 ዓመት ልጅ ነበር። አሁን 20 ዓመቱ ነው፤ ከዘጠኝ ቀን በፊት በነፍስ ግድያ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ዳኛው ቢያንስ 21 ዓመት እንዲታሰር አዘዋል። ድርጊቱ ሲፈጸም 19 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ 11 ወር በእስር ቆይቷል።

ጠቡ በሁለት ጓደኛሞች መካከል የተነሣ ነው። ወንድሜ ከቤት ይዞት በወጣው ቢላዋ አንድ ጊዜ ወጋው። «ልገድለው አላሰብኩም» ይላል፤ እኔም አምነዋለሁ። ሟቹ የአገራችን ልጅ ነው፤ እናቱና እናቴ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያስቀድሱት። የልጁ አርባ ሲወጣ እኛ በራችንን ዘግተን፣ መብራት አጥፍተን ተቀምጠን ነበር። ሙት ዓመቱ በሚመጣው ወር ነው።

አሁን ዘመድ ሁሉ ይመክራል። አጎቴ 15 ሺህ ፓውንድ አዋጥተን አዲስ ጠበቃ እንድንይዝ ይፈልጋል፤ አንድ ሰው «በግማሽ ያስቀንሳል» ብሎታል። ሌሎቹ ሽማግሌ ልከን የሟችን እናት እግር እንድንይዝና «ይቅር ብያለሁ» የሚል ደብዳቤ ጽፈው ለዳኛው እንዲቀርብ ይላሉ። ወንድሜ በስልክ «ይግባኝ የሚባል ነገር አልፈልግም፤ እንዳትነካኩት» አለኝ። እናቴ ደግሞ «ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ በአመክሮ ይወጣል፣ አይደል?» ትለኛለች። መልስ የለኝም።

እኔ ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ሃያ አንዱን ዓመት እየቆጠርኩ አለቅሳለሁ። ወዲያው የዚያች እናት ልጅ ለአንዲት ቀን እንኳ እንደማይመለስ ትዝ ይለኝና በለቅሶዬ አፍራለሁ። ይግባኝ ብንጠይቅ እሳቸውን ዳግመኛ መግደል አይሆንብንም?

እኅት ነኝ፣ ከለንደን

—

እኅቴ፣

ጉዳይሽ ቀን የሚሮጥበት በመሆኑ ዓምዱ እስኪታተም አልጠበቅሁም፤ አንገብጋቢውን ነገር ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሌሊት ለብቻሽ ጽፌልሻለሁ። እዚህ ላይ በፈቃድሽ የማሰፍረው ሙሉውን ነው። መብራት አጥፍቶ የተቀመጠ ሌላም ቤተሰብ እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው።

ጠበቃ አይደለሁም። በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ለብዙ ዓመታት አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ የምነግርሽም እዚያ ያየሁትንና የተማርኩትን ነው። አንድ ቀን ለአንድ ልጅ አጠገቡ ቆሜ ፍርዱን ስተረጉም «ዕድሜ ልክ» የሚለውን ቃል ከኋላ የተቀመጡት እናቱ ሰሙ። ዳኛው ቀጥለው የተናገሩትን የዓመት ቁጥር ግን አልሰሙም፤ ወድቀው ነበር። ለሳምንታት ልጃቸው ከዚያ በሕይወት እንደማይወጣ አምነው ኖሩ። የአንቺ እናት ስሕተት በተቃራኒው በኩል ነው፤ ስለዚህ ከእሳቸው ጥያቄ ልነሣ።

አይደለም፤ ሁለት ሦስተኛ የሚባል ነገር እዚህ የለም። እናትሽ ያሰቡት የአገር ቤቱን አመክሮ ነው፤ እዚያ የተወሰነ ዓመት የተፈረደበት እስረኛ ሁለት ሦስተኛውን ሲፈጽም ሊለቀቅ ይችላል። በእንግሊዝ የግድያ ፍርድ ግን ዳኛው የሚጠሩት ቁጥር ዝቅተኛው ነው፤ እያንዳንዱ ቀን ይታሰራል። 21 ካሉ 21 ነው። ቁጥሩ ሲያልቅም በሩ በራሱ አይከፈትም፤ የአመክሮ ቦርድ ልጁ ለሕዝብ አደጋ አለመሆኑን አምኖ መፍቀድ አለበት። ከወጣ በኋላም እስከ ዕለተ ሞቱ በቅድመ ሁኔታ ነው የሚኖረው፤ ቢጥስ ሊመልሱት ይችላሉ። በፍርዱ ውስጥ «ዕድሜ ልክ» የሚለው ቃል ትርጉም ይህ ነው። ይህን ለእናትሽ የምትነግሪያቸው አንቺ ብትሆኚ ይሻላል፤ ከዘመድ አፍ በቁርጥራጭ ከሚሰሙት። አጠገባቸው ተቀመጪና ልጁ የመጀመሪያውን ዕድል የሚያገኘው በ40 ዓመቱ ገደማ መሆኑን በዕድሜው ቁጠሪላቸው። ያለቅሳሉ። ግን የሚጠብቁትን ያውቃሉ።

ወደ ይግባኙ እንምጣ። «ዕድሜ ልክ» የሚለው ክፍል በይግባኝ አይነካም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1965 ለነፍስ ግድያ የስቅላት ቅጣትን ስታስቀር በምትኩ የተቀመጠው ዕድሜ ልክ ነው፤ ዳኛው ሌላ ምርጫ የላቸውም። ለክርክር የሚቀርበው ቁጥሩ ብቻ ነው። (ይህን ቁጥር ድሮ በመጨረሻ የሚወስነው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ነበር፤ ፖለቲከኛ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ከፍተኛዎቹ ዳኞች ይህ አይሆንም አሉ፤ በዓመቱ የወጣው ሕግ ለዳኛ ሰጠው። ወንድምሽ ስለ ቁጥሩ የሚከራከርበት ችሎት ማግኘቱ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው።)

ቁጥሩ እንዴት እንደተሠራ ካላወቅሽ «በዛ» ወይም «አልበዛም» ማለት አትችይም። ሕጉ ለዳኛው መነሻ ይሰጠዋል። ለአዋቂ ሰው ተራው መነሻ 15 ዓመት ነው፤ ቢላዋ ይዞ ወደ ስፍራው ለሄደ 25፤ በጠመንጃ ወይም ለገንዘብ ብሎ ለገደለ 30፤ ከዚያም በላይ ጨርሶ የማያስወጣ ፍርድ አለ። ዳኛው ከመነሻው ተነሥተው በሚያከብደው ይጨምራሉ፣ በሚያቀልለው ይቀንሳሉ። ወንድምሽ ቢላዋውን ከቤት ይዞ ስለወጣ ከ25 ተነሥተው ወደ 21 የወረዱ ይመስለኛል። ያ ማለት አንዳንድ ማቅለያ አስቀድመው ተቀብለዋል ማለት ነው፤ ይህን አጎትሽ ያሰቡበት አይመስለኝም።

ታዲያ ምን ይቀራል? ዳኛው ፍርዱን ሲሰጡ የተናገሩትን ቃል በጽሑፍ ጠይቂና አንብቢው፤ ወይም ጠበቃው ያንብብልሽ። እኔ ብሆን አራት ነገር እፈልግበታለሁ። አንደኛ፣ ቢላዋው ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ይሆን? መነሻውን 25 ያደረገው ቢላዋው ነው፤ መልሶ ማክበጃ ሆኖ ከተቆጠረ ስሕተት ነው። ሁለተኛ፣ ዕድሜው። 19 ዓመት በሕግ አዋቂ ነው፤ ሆኖም የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት 18 ዓመት መሙላት ገደል አይደለም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2018 በግልጽ ተናግሯል፤ የልጁ ብስለት መመዘን አለበት። ስለ ብስለቱና ስለ አስተዳደጉ ለዳኛው የቀረበ ነገር ነበር? ሦስተኛ፣ «ልገድለው አላሰብኩም» የሚለው። በእንግሊዝ ሕግ ከባድ ጉዳት ለማድረስ አስቦ የገደለም ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ስለዚህ ጁሪው (ጥፋተኛነትን የሚወስኑት ከሕዝብ የተውጣጡ ሰዎች) ጥፋተኛ ማለቱ ለመግደል አስቦ ነበር ማለቱ ላይሆን ይችላል። ጉዳት እንጂ ሞት አለማሰቡ በሕጉ ላይ ራሱ በማቅለያነት ተጽፏል፤ ዳኛው የትኛውን ነው የተቀበሉት? አራተኛው የሒሳብ ነገር ነው፤ 11 ወሩ ከ21 ዓመቱ ላይ ታስቦለታል ወይ? ይህ ይግባኝ ሳይሆን የቆጠራ ስሕተት ከሆነ የፈረደው ፍርድ ቤት ራሱ በ56 ቀን ውስጥ ሊያርመው ይችላል። እንዲህ ያለውን የሚያስተውል ሰው ጠፍቶ ወራት በከንቱ ሲቀሩ አይቻለሁ።

ከእነዚህ ውስጥ ጠንከር ያለ ነገር ከተገኘ ይግባኙ መሠረት አለው። ካልተገኘ የለውም። የይግባኝ ዳኞች «እኛ ብንሆን 20 እንል ነበር» ብለው አንዲት ዓመት አይቆርጡም፤ ፍርዱ ከልክ ያለፈ መሆኑን ወይም ከመሠረቱ የተሳሳተ መሆኑን ማየት አለባቸው። ሲሳካም የሚቀነሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ዓመት ነው። 21 ወደ 10 ተኩል ይወርዳል ብሎ ለአጎትሽ የነገራቸው ሰው የሚሸጠው የማይገኝ ዕቃ ነው።

ስለዚያ 15 ሺህ ፓውንድ ልቤ ስለተቃጠለ ትንሽ ልቆይበት። ወንድምሽ የተከራከረው በመንግሥት በተከፈለ ጠበቃ ከሆነ፣ የዚያው ጠበቃ ሥራ ፍርዱ ሲነበብ አላለቀም። ይግባኝ ያስኬዳል ወይስ አያስኬድም የሚለውን ምክር መስጠት ግዴታው ነው፤ ያስኬዳል ካለም ምክንያቶቹን አዘጋጅቶ መጻፍ በዚያው ክፍያ ውስጥ ነው። ነገ ጠዋት ወደ ጠበቃው ቢሮ ደውይ፤ በጽሑፍ የሰፈረ ምክር እንፈልጋለን በያቸው፤ ቀኑንም አስታውሻቸው። ምክሩ «አያስኬድም» ቢል እንኳ ምክንያቱ ይጻፍ። ያን ወረቀት ይዛችሁ ሌላ ጠበቃ ማማከር መብታችሁ ነው። ፍርድ ቤቱ ግን አዲስ ጠበቃ በቀድሞው ፈንታ ሲመጣ፣ የቀድሞውን ጠበቃ ጠይቆ እውነቱን እንዲያረጋግጥ ያዘዋል። ስለዚህ መዝገቡን ሳያይ፣ የቀድሞውን ጠበቃ ሳያነጋግር ቁጥር የሚጠራ ሰው ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን ዝጉ። አጎትሽን አትቆጪያቸው፤ መርዳት ነው የፈለጉት። «መጀመሪያ የምክሩን ወረቀት እንይ» በያቸው፤ አሁን ለዚህ ብቻ ይስማሙ።

ቀኑ ይህ ነው። ፍርዱ ከተሰጠበት ዕለት ጀምሮ 28 ቀን ነው። ደብዳቤውን ስትጽፊ የቀረው 19 ነበር፤ ይህ ሲታተም ደግሞ ያንሳል። ማመልከቻው የሚገባው ለንደን፣ ስትራንድ ባለው በንጉሡ ፍርድ ቤቶች ሕንፃ ለሚገኘው የይግባኝ ጽሕፈት ቤት ነው። በመጀመሪያ አንድ ዳኛ ብቻቸውን ወረቀቱን አንብበው ይግባኙ ይሰማ ወይስ አይሰማ ይወስናሉ። አይሰማ ካሉ ከአንድ በላይ ዳኞች በሚሰየሙበት ችሎት ፊት እንደገና መጠየቅ ይቻላል፤ እዚህ ላይ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። መሠረት የሌለው ልመና ተደጋግሞ ከቀረበ ፍርድ ቤቱ የተወሰኑ ቀናት ከእስሩ እንዳይታሰቡለት ሊያዝ ይችላል። ከዚያ በቀር በራሱ ይግባኝ ፍርዱ አይከብድበትም፤ ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነው። ፍርድ የሚያስከብድ መንገድ አለ፤ ግን ሌላ መንገድ ነው። ቅጣቱ አነሰ ብሎ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለይግባኝ ሰሚው ማቅረብ ይችላል፤ እንዲያቀርብ ማንም ሰው ሊጠይቀው ይችላል፣ የሟች እናትም ጭምር። እሱም የሚያቀርበው በዚያው በ28 ቀን ውስጥ ነው።

ቀኑ ቢያልፍም ምክንያት አቅርቦ ማስፈቀድ ይቻላል፤ ግን ያን ጊዜ ሁለት ነገር ነው የምታስረዱት፣ የዘገያችሁበትንና ፍርዱ የተሳሳተበትን። በጊዜው የገባን ማመልከቻ ግን ወንድምሽ ሐሳቡን ቢቀይር ሊያነሣው ይችላል።

አሁን ከሁሉ የከበደው። ወንድምሽ «አልፈልግም» ብሏል። እኅቴ፣ ይግባኙ የእሱ ነው። አንቺ፣ እናትሽ፣ አጎትሽ፣ ማንም ያለ እሱ ፈቃድ ሊያቀርብለት አይችልም። ይህን ሳነብ ትንሽ እፎይ አልኩልሽ፤ ምክንያቱም ደብዳቤሽ ውስጥ ይህን ውሳኔ ብቻሽን እንደተሸከምሽው ነው የጻፍሽው። ስትጠይቂው «ለምን እምቢ አልክ?» አትበይው፤ በዚያ ቃና ከጀመርሽ ይዘጋብሻል። «አልፈልግም ስትል ምን ማለትህ ነው?» በይው። ይገባኛል ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ያ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ሊሸረሽርበት አይገባም። ፍርድ ቤቱን ፈርቶ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ «አይከብድብህም» የሚለውን ንገሪው። ወይም ደግሞ እንቅልፍ አጥቶ፣ ሰው ማየት ጠልቶ፣ ሁሉም ነገር ይቅርብኝ ብሎ ሊሆን ይችላል። የሃያ ዓመት ልጅ ፍርድ በተሰማ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ምንም አልፈልግም» ሲል እኔ በጣም ነው የምሰጋው። የመጨረሻው ከመሰለሽ በዚያው ቀን ለማረሚያ ቤቱ ደውለሽ ስለ ደኅንነቱ እሰጋለሁ በይ፤ የማረሚያ ቤቱን ቄስም አነጋግሪ። ይግባኙ ይቆያል፤ ልጁ ይቀድማል።

መልሱ «ይገባኛል» ከሆነ አንዲት ነገር ብቻ ጠይቂው፤ የጠበቃውን ምክር እስኪያነብ ድረስ ውሳኔውን ያቆየው። በማወቅ አልፈልግም ማለትና ባለማወቅ አልፈልግም ማለት በ30 ዓመቱ፣ በ35 ዓመቱ ሲያስታውሰው ለየቅል ናቸው።

የሽማግሌዎቹን ነገር ግን ዛሬውኑ አስቁሚ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ በአገራችን ደም ሲፈስ ሽማግሌ ይገባል፣ እርቅ ይወርዳል፣ ካሳ ይከፈላል፤ እርቁ ለዳኛ ቢነገርም ነውር አይደለም። እዚህ ግን የሟች ቤተሰብ ለፍርድ ቤት የሚናገረው ጉዳቱ እንዴት እንዳደቀቀው ነው፤ ስንት ዓመት ይታሰር የሚለው ላይ የቤተሰቡ አስተያየት አይመዘንም። እናቲቱ «መቶ ዓመት» ቢሉ አይጨመርም፤ «ይቅር ብያለሁ» ቢሉ አይቀነስም። ስለዚህ ደብዳቤው ለታሰበለት ነገር አይሆንም። ባይጠቅም ብቻ ባልከፋ፤ በር አንኳክቶ ደብዳቤ መጠየቅ በፖሊስ ዓይን ማስፈራራት ሊመስል ይችላል። ከሕጉም ሌላ፣ ለወረቀት ተብሎ የሚጠየቅ ይቅርታ ለእኔ ይቅርታ መጠየቅ አይደለም፤ ሙት ዓመቱ በቀረበበት ወር ደግሞ ጭካኔ ነው። እውነተኛ እርቅ የሚፈልግ ካለ መንገድ አለው። ወንድምሽ አንድ ቀን ይቅርታ መጠየቅ ሲፈልግ በማረሚያ ቤቱ በኩል ይናገራል፤ እናቲቱ ፈቃደኛ ከሆኑ ብቻ፣ በሠለጠነ ሰው አማካይነት ይገናኛሉ። ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።

የጻፍሽልኝ ዋና ጥያቄ ይህ ነበር፤ ዳግመኛ መግደል አይሆንም ወይ? አይጎዳቸውም ብዬ አልዋሽሽም። ይግባኝ ከተጠየቀ ለእሳቸው በመንግሥት በኩል ይነገራቸዋል፤ ያ ቀን ክፉ ቀን ይሆንባቸዋል። ግን እንዲህ አስቢው፤ 21 የልጃቸው ዋጋ ነው? ዋጋው ከሆነማ 21ም ስድብ ነው፣ 30ም ስድብ ነው። ዳኛው የሚመዝኑት የሟችን ሕይወት አይደለም፤ ያ አይመዘንም። የሚመዝኑት የገዳዩን ጥፋት ነው፤ ምን አሰበ፣ ምን ያዘ፣ ስንት ዓመቱ ነበር። ይግባኝ «ልጃችሁ አልሞተም» ወይም «ወንድሜ አልገደለም» አይልም፤ «ምዘናው ትክክል ነበር?» ይላል። መልሱ «አዎ፣ ትክክል ነበር» ከሆነ ተመልሶ ይመጣል። አንቺም ሁለቱንም ልቅሶ ማልቀስ ትችያለሽ። አንዱ ሌላውን አያሳፍረውም።

ቀኑ ከሙት ዓመቱ ጋር ይገጥማል ብለሽ ከሆነ የተጨነቅሽው፣ በዚያ ሰሞን የሚሆነው ወረቀት መግባቱ ብቻ ነው። ችሎት ከተሰየመም ብዙ ቆይቶ ነው።

ሌላ አንድ ነገር አለ፤ በአጭሩ አልፈዋለሁ። ወንድምሽ የእንግሊዝ ዜግነት ካልወሰደ፣ እንዲህ ያለ ፍርድ ከአገር የማስወጣት ሂደት ያስከትላል። ይህ ከይግባኙ የተለየ ነው፤ ለብቻው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይፈልጋል። የወንጀሉ ጠበቃ ያየዋል ብላችሁ አትተዉት።

በሚመጣው ቅዳሜ ልትጠይቂው እንደምትሄጂ ጽፈሽልኛል። ከዚያ በፊት የጠበቃውን ቢሮ ስልክ ደውለሽ ጨርሺ፤ ምክሩ በስንት ቀን እንደሚደርስ ለወንድምሽ የምትነግሪው ነገር ይኑርሽ። የጉብኝቱ ሰዓት አጭር ነው፤ ግማሹን ስለ ሕግ፣ ግማሹን ስለ ምግቡና ስለ እንቅልፉ አውሩ። እናትሽ በዚህ ዙር ባይመጡ ይሻላል፤ በእሳቸው ፊት እውነቱን አይነግርሽም።

ሙት ዓመቱ የሚታሰብበት እሑድ ደግሞ እናትሽን ይዘሽ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ። ተባርራችሁ አይደለም፤ ያን ቀን እዚያ ያለው ቦታ ለሟቹ እናት ስለሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ደብራችሁ ተመለሱ፣ ከኋላ ቁሙ። እሳቸው ቀርበው ካነጋገሯችሁ ስሚ፤ ከተቆጡም ስሚ፤ ስለ ፍርድ ቤት ግን አንዲት ቃል አትናገሪ። ካላነጋገሯችሁ አትቅረቢያቸው።